እንቅልፌ ስድስተኛ ክፍል ገባ

ትምህርት ቤት ልጅ የሚማርበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ ብዬ ነው ልጄን ያስገባኋት። አሁን ግን ገብቶኛል፤ ትምህርት ቤት ማለት የቤታችሁን ገመና በልጃችሁ እጅ አስመጥቶ፣ በባለቀለም ወረቀት አስጊጦ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ተቋም ነው። ይሄን የምለው ተናድጄ ነው። የተናደደ ሰው ደግሞ አይዋሽም፤ ውሸት ቀዝቀዝ ያለ ጭንቅላት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ማንነታችንን ልንገራችሁ። የምንኖረው ዶሃ ነው፤ ኦልድ ኤርፖርት የሚባል ሰፈር፣ ከታች ሱቅ ከላይ ሰው በተደራረበበት አንድ ፎቅ ላይ። እኔ የአንድ ካምፓኒ ሠራተኞችን የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይባል እንጂ ሹፌር የቀረ ቀን መሪው ላይ የምቀመጠው ራሴ ነኝ፤ ሹፌር የማይቀርበት ቀን ደግሞ አላጋጠመኝም። ሹግል፣ ማለትም ሥራ፣ የምገባው ገና ሳይነጋ ስለሆነ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ቤቴ ገብቼ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ልጃችን ሃያት ስድስተኛ ክፍል ናት። ያለችን እሷ ብቻ ናት። አንድ ብትጨመርባት ኖሮ እስካሁን እኔ በሕይወት አልኖርም ነበር።

ተርሙ ሲጀመር ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ተርም በሳይንስ ስለ ድምፅ ይማራሉ፤ በሒሳብ መረጃ ሰብስበው ግራፍ ይሠራሉ፣ አማካይና ፐርሰንት ያወጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ሪፖርት አጻጻፍ፣ በኳታር ታሪክ ደግሞ ስለ ድሮ ዕንቁ አውጪዎች ይማራሉ ይላል። ከታች ደግሞ «ወላጆች በቤት ውስጥ ድጋፍ እንዲያደርጉ ይጠበቃል» የሚል አለበት። ወላጆች ሆይ፣ «ድጋፍ» የሚለውን ቃል ስታዩ ሮጣችሁ አምልጡ።

እኛ ስለ ድምፅ ስንማር መምህራችን «ድምፅ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ገለበጥን፣ አለቀ። አባቴ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሰው ሲጠይቃቸው «ከፍ ያለው ክፍል ነው» ይሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ ተምሬያለሁ። ድምፅ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በጆሮዬ እሰማለሁ።

የሃያት ግን እንዲህ አልሆነም። ተርሙ ገና ከመጀመሩ ቤታችን ውስጥ ቀዳዳ የሌለው የፕላስቲክ ኩባያ ጠፋ። ሁለት ኩባያ በክር ሲያያዝ ስልክ ይሆናል ተባለ። ሃያት እኔን የመኝታ ቤቱ በር ላይ፣ እናቷን ኩሽናው ጋ አቁማ ክሩን ወጠረችው።

«አባዬ፣ ኩባያውን ጆሮህ ላይ አድርገው። እማዬ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

ዘይነባ አፏን ኩባያው ውስጥ ከታ «ዛሬም ዳቦ ሳትገዛ ነው የገባኸው» አለችኝ።

በክሩም መጣ፣ በአየሩም መጣ።

«በየትኛው ነው በደንብ የሰማኸው?» አለች ሃያት እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«በሁለቱም ምንም አልሰማሁም» አልኳት። እንግዲህ ይሄ ድጋፍ ነው።

ከዚያ ደግሞ ታብሌቷ ላይ ድምፅ የሚለካ ነገር ጫነች። የኤሲውን ድምፅ ለካች። የምንጣፍ መጥረጊያውን፣ የቫኪዩሙን ለካች። በመስኮት ብቅ ብላ ምግብ የሚያደርሱትን ሞተር ሳይክሎች ለካች። አንድ ቀን እናቷ ኮምቦልቻ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ስታወራ አጠገቧ ቆማ ለካቻት። ዘይነባ ቫኪዩሙን በለጠችው።

ሳቅኩ። ቁጭ ብዬ፣ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሥራ ቦታ ሄጄም ለሹፌሮቹ ሁሉ አወራሁ። ሳይንስ እንዲህ ያስደስታል ብዬ አላውቅም ነበር። ዘይነባ ግን ስልኳን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጣጣ መጣ። ድሮ የቤት ሥራዋን መኝታ ቤት በር ዘግታ ትሠራ የነበረች ልጅ፣ እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር ከሥሬ ምንጣፉ ላይ መጻሕፍቷን ዘርግታ መቀመጥ ጀመረች። አባቷን ወዳ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ግን የዚህች ልጅ እጅ ምን እንደነካው እንጃ፤ እንቅልፍ ጥሩ አድርጎ ሲወስደኝ «ዷ!» መጽሐፍ ይወድቃል። ደንግጬ እነሳለሁ።

«ምንድነው?»

«ይቅርታ አባዬ፣ አምልጦኝ ነው።»

ተመልሼ እተኛለሁ። «ዷ!» አሁንም ሌላ መጽሐፍ። የእንግሊዝኛው ሲወድቅ ለስለስ ይላል፤ የሒሳቡ ግን ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ልብ ያቆማል። መጽሐፍ የማይወድቅበት ቀን ደግሞ ያስላታል። ሳል ስላችሁ የልጅ ሳል እንዳይመስላችሁ፤ ሰባ ዓመት ትንባሆ ያጨሱ ሽማግሌ እንዲያ አይስሉም።

«ዘይነባ፣ ይቺ ልጅ እጇ አይዝም። እንመርምራት» አልኩ።

«ቫይታሚን ዲ ይሆናል» አለች። እዚህ አገር ፀሐዩ ሰው ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ፀሐይ ጎደለው ተብሎ ኪኒን ይውጣል። ሃያትም ኪኒኑ ተገዛላት። እየዋጠች መጽሐፍ መጣሏን ቀጠለች።

አንድ ቀንማ ደሜ ፈላ። መሬት ላይ የወደቀውን መጽሐፍ አንስቼ «ሁለተኛ እዚህ ሶፋ አጠገብ እንዳላይሽ! ሰው ደክሞት አይተኛም እንዴ በገዛ ቤቱ?» ብዬ ጮህኩባት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ዕቃዋን ሰብስባ ተነሳች። ትንሽ ቆይቼ ዓይኔን ስገልጥ ሶፋው ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ታብሌቷን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፕሮጀክት ነው አባዬ። ድምፅ የለውም።»

ድምፅ የለውም! ይሄን ቃል ልብ በሉልኝ።

የተርሙ መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን ተጠራ። ልጆቹ በተርሙ የተማሩትን ሁሉ በአንድ ፕሮጀክት ለወላጆች ያሳያሉ። እኔ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ልጄ ሳይንሳዊ ጥናት ስለምታቀርብ ፈቃድ እፈልጋለሁ» አልኩ።

«ማሻአላህ! በምን ላይ?»

«በድምፅ።»

«ያላ ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። ለዒድ ያሰፋሁትን ሱፍ ለበስኩ። ዘይነባም ከመቼውም በላይ አምራ ወጣች።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ እንገናኛለን። ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ምን ያስቅሃል ሰይዶ?»

«ኧረ ምንም። ዘንጠሃል ወላሂ። ግባ፣ ግባ፤ እኔ ሰሌዳዎቹን ሳስገባ አይቼዋለሁ።» ሳቁን ዋጥ አደረገና «ለነገሩ ሰምቼዋለሁም» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ገባን። አንዱ ልጅ የሜትሮ ጣቢያ ድምፅ ለክቷል፤ አንዷ የፈረስ ኮቴ። ቆንጆ ቆንጆ ሥራ ነው፤ ግን ሰው የለባቸውም። ሰው ያለው ጥጉ ላይ ነው። ልጆች ተሰልፈዋል፣ ወላጆች ተሰብስበዋል፣ ከመሃል ሃያት ጸጉሯን ተሠርታ ቆማለች። ወረፋ! ለኔ ልጅ ወረፋ! ዘይነባን በክርኔ ነካኋት።

ከዚያ ድምፁ መጣ። እንዴት ልግለጽላችሁ? የጫነ ሲኖትራክ አቀበት ላይ ማርሽ ሲቀይር፣ ቀይሮ ሲያቅተው፣ አቅቶት ወደ ኋላ ሲንሸራተት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ። «ከየት ነው እንዲህ ያለ ማሽን ያገኘችው?» አልኩ ለዘይነባ።

ዘይነባ ቀድማኛለች። እሷ ሰሌዳውን አይታለች።

ሰሌዳው ላይ በትልልቁ «ከአባቴ የሚወጣ ድምፅ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ አገር ሁሉ እንዲገባው። ከሥሩ የኔ ፎቶ። ሶፋው ላይ ነኝ፤ አፌ እንደ ዋሻ ተከፍቷል፣ ካናቴራዬ ሽቅብ ተሰብስቦ ሆዴ ብቻውን ብቅ ብሏል። ከፎቶው አጠገብ ግራፍ። ኤሲ፣ አጭር። ቫኪዩም፣ መካከለኛ። ሞተር ሳይክል፣ ረዘም ያለ። «እናቴ ስልክ ላይ»፣ ከሱም ረዘም ያለ። ከሁሉ መጨረሻ «አባቴ»፤ እሱ ከወረቀቱ አልፎ፣ ሌላ ወረቀት ተቀጥሎለት፣ ወደ ጣሪያው እየሄደ ነው።

«ሁለተኛ ነኝ» አለች ዘይነባ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ። ያቺ ሴት ተርሙን ሙሉ ይሄን ቀን ስትጠብቅ ነበር።

ከፎቶው ሥር ቀይ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ያንኮራፋል። አንድ ግብፃዊ አባት ተጫነው፣ «ያ ሰላም!» አለ፣ ደግሞ ተጫነው፣ ሚስቱን ጠርቶ እሷም እንድትጫን አደረገ። ከዚያ ቀና ሲል እኔን አየ። ፎቶውን አየ። እኔን አየ። እጄን በአክብሮት ጨበጠኝ። እንዲህ ያለ ውርደት በጠላቴም አይድረስ።

የክፍሏ መምህርት ሚስ ሮዝ እየሳቀች መጣች። «እንኳን ደስ ያለዎት! የዘንድሮው ምርጥ የመረጃ አሰባሰብ ነው!»

«ሚስ፣ ይሄ እኮ ሰው ነው!» አልኩ፣ ፎቶውን እያመለከትኩ። «ማን ፈቀደላችሁ?»

«ሃያት ፈቃድዎን ጠይቃለች። ነግራናለች።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «መቼ ነው የጠየቅሽኝ?»

«ሶፋው ላይ። ‹አባዬ፣ ለፕሮጀክቴ ልቅዳህ?› አልኩህ። ‹እምም› አልከኝ።»

«ተኝቼ ነበር!»

«እኮ። ሳትተኛማ ምን እቀዳለሁ?»

ወገኖቼ፣ የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ይሄ ነው። መልስ አሳጥቶ መቆም። ሰሌዳውን ገንጥዬ ልወስድ እጄን ስዘረጋ፣ አንዲት ረጋ ያለች ሴት ከጎኔ ቆማ ሌላኛውን ግራፍ እያየች እንደሆነ አስተዋልኩ። ሱዳናዊት ናት፤ የአንዱ ተማሪ እናት፣ ዶክተር ኢማን ይሏታል። ሁሉም ሰው ትልቁን ግራፍ እያየ ሲስቅ፣ እሷ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ነው የምታየው። ወጣ ገባ እያለች የምትሄድ መስመር ናት።

«ሃያት» አለች ጣቷን አሳርፋ፣ «እዚህ ጋ መስመሩ ታች የሚተኛው ለምንድነው? ታብሌቱን አጥፍተሽው ነበር?»

«አላጠፋሁትም። አባዬ ነው የሚያቆመው።»

«ማንኮራፋቱን?»

«መተንፈሱን።»

ቀዩን ቁልፍ ሊጫን የነበረው ልጅ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«መጀመሪያ ታብሌቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እጄን አፍንጫው ጋ አደረግኩ። አየር የለም። ፈራሁ። መጽሐፍ ስጥል ግን ደንግጦ ይጀምራል። አንዳንዴም እስላለሁ።» ወደኔ ቀና አለች። «የሒሳቡ ይሻላል። የእንግሊዝኛው አይሰማህም።»

አፌ ውስጥ ብዙ ቃል ነበረኝ፣ ሁሉም ቁጣ ነበር። ትዝ ያለኝ ግን ያ ሶፋው ላይ የጮህኩባት ጩኸት ነው፤ ያ የተንቀጠቀጠ ከንፈሯ፣ ዕቃዋን ሰብስባ ተነስታ እንደገና ሌላው ጫፍ ላይ መቀመጧ። ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ።

ዶክተሯ በአረብኛ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥልሃል?»

«ኧረ እኔ ጤነኛ ነኝ! ወላሂ እንደ ግመል ነኝ።»

«በቀደም ቀይ መብራት ላይ አንቀላፍቶ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ነፋበት» አለች ዘይነባ።

«ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት!»

«ሥራህ ምንድነው?» አለች ዶክተሯ።

«የሹፌሮች ኃላፊ።»

«ራስህ ትነዳለህ?»

ሱፌን አስተካከልኩ። «አንዳንዴ።»

«ሰው ጭነህ?»

ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ተደርድረው፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ እኔን አምነው የሚያንቀላፉት ሰዎች ፊት መጣብኝ። ኔፓል ልጆቹ ያሉት አለ፣ ሐራ ገበያ እናቱ ያለችው አለ። እነሱ ተኝተዋል፣ እኔም ተኝቻለሁ፣ አውቶቡሱን ማን ነው ይዞት የሚሄደው?

«ነገ ሆስፒታል» አለች ዶክተሯ። «እስከዚያ መሪ አትንካ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ዘይነባ ቁልፉን ነጥቃኝ እሷ ነዳች። እኔ ጎኗ፣ ሃያት ከኋላ። ዞር ሳልል ሃያትን ጠየቅኳት።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ‹አባዬ፣ ስትተኛ ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ› አልኩህ። ‹እኔ አላንኮራፋም› አልከኝ። ‹በዘራችንም የለም› አልክ።»

ብያለሁ። ብዬም ሊሆን ይችላል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሚስ ሮዝ ክፍል ውስጥ ‹መረጃ ካላሳያችሁ ሰው አያምናችሁም› አለችን። ስለዚህ መረጃ ሰበሰብኩ።»

መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ። ሙቀቱ ገረፈኝ። ዘይነባ ዓይኗን እየጠረገች «ዝጋው፣ ኤሲው ይወጣል» አለችኝ።

ቁጣዬ እዚህ ላይ በረደ ብላችሁ እንዳትዘጉት። ጭራሽ አዲስ ቁጣ መጣ። ሆስፒታሉ አስተኝቶ ሊመረምረኝ ራሴ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ እግሬ ላይ ሽቦ ለጠፈብኝና «ዘና ብለህ ተኛ» አለኝ። እናንተ ራዲዮ ሆናችሁ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ያሳየኝ መስመር ያው የሃያት መስመር ነው፤ ይሄኛው ቀለም ስለሌለው ብቻ ነው የሚያስፈራው። ጉሮሮዬ እየተዘጋ ነው አሉኝ። ቱቦ ያለው ማሽን ሰጡኝ፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብል ያለው። ሰው እንዴት የውጊያ አውሮፕላን አብራሪ መስሎ ሚስቱ ጎን ይተኛል?

አለቃዬ ዘንድ ራሴ ሄጄ ነገርኩት፤ ሐኪሙ «መንዳት ይችላል» እስኪል ድረስ የአውቶቡስ ቁልፌን አስረከብኩ። ሹፌሮቹ ፊት ቁልፍ ማስረከብ ቀላል አይደለም። ሰይድ ደግሞ አላረፈም፤ ያን ድምፅ ቀድቶት ኖሮ የሐበሾቹ ግሩፕ ላይ ለቆታል። ከሩቁ አል ኾር ከተማ ሳይቀር ሰው እየደወለ «እንዴት አደርክ?» ይለኛል። ድሮ «እንዴት አደርክ» ሰላምታ ነበር።

ማሽኑን ያጠለቅኩ ሰሞን ማንኮራፋቴ ጠፋ፤ ዘይነባም እንቅልፍ አጣች። «ዝም ስትል የሞትክ ይመስለኛል» እያለች በጣቷ ትወጋኛለች። ይሄን ሁሉ ዓመት በጩኸቴ ስትማረር ኖራ አሁን ዝምታዬ ያስጨንቃታል። ሴት ልጅን በምን ታስደስታታላችሁ?

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ምን መሰላችሁ? አንድ ቀን ነቃሁ። ዝም ብዬ ነቃሁ። ጭንቅላቴ ላይ ተጭኖኝ የኖረው ነገር የለም፣ ዓይኔ አይቃጠልም፣ ሻይ ሳልጠጣ የሰው ንግግር ይገባኛል። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ቀኑን አየሁት። ሌላው ሰው በየቀኑ እንዲህ ነው የሚነቃው? ሁላችሁም እንዲህ ስትነቁ ኖራችሁ አንዳችሁ እንኳ አትነግሩኝም? እኔ እርጅና ነው ብዬ፣ የዶሃ ሙቀት ነው ብዬ፣ ሹግል ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ወይ የሰው ነገር!

ሃያት የቤት ሥራዋን ወደ መኝታ ቤት መለሰች፤ በሩንም ዘጋች። ሶፋው ላይ ጋደም ስል መጽሐፍ አይወድቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እየቆየሁ ወደ በሩ አያለሁ።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ግን የተርሙ ውጤት መጣ። ሃያት ለፕሮጀክቷ ያገኘችው ከፍተኛውን አይደለም፤ ከፍተኛው ሥር ያለውን ነው። የሚስ ሮዝ አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም የተለካው አንድ አባት ብቻ ስለሆነ ናሙናው ትንሽ ነው። ወደፊት ከአንድ በላይ አባት ብትጠቀሚ ይመረጣል።»

ደግሜ አነበብኩት። ከአንድ በላይ አባት!

ያን ጊዜ የተናደድኩት ንዴት፣ እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ንዴት አይባልም ያሰኛል። ከሥራ እንደወጣሁ፣ ልብሴን ሳልቀይር፣ ሃያትን ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ሰይድ ሊያሾፍ አፉን ሲከፍት ፊቴን አይቶ ዘጋው። ሚስ ሮዝ ክፍሏ ውስጥ ወረቀት እየሰበሰበች ነበር።

«ሚስ፣ ይቺ ልጅ ስንት አባት እንዲኖራት ነው የፈለጋችሁት?»

«አቤት?»

«አንድ አባት ነው ያላት! ያውም ለጥቂት ነው የተረፈላት! ያላትን አባት በሙሉ ነው የለካችው፣ ሚስ፤ መቶ ፐርሰንት! ፐርሰንት በዚሁ ተርም አስተምራችኋል አይደለም እንዴ?»

ሚስ ሮዝ ፈገግታዋን ልትደብቅ ሞከረች። «አባት፣ ሥራዋ በጣም ጥሩ ነው። ግን በሳይንስ ከአንድ ሰው ተነስተን ስለ ሁሉም አባቶች መናገር አንችልም። ይሄን እንድታውቅ ነው።»

«ስለ ሁሉም አባቶች ማን ጠየቃት?»

እንግሊዝኛዬ እዚህ ጋ አለቀ። አረብኛ ጨመርኩበት፣ እሱም አለቀ። በአማርኛ ልቀጥል ስል ሃያት እጅጌዬን ሳበችኝ።

«አባዬ፣ ሚስ ልክ ናት።»

«እንዴት ልክ ትሆናለች? አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?»

«ለሳይንስ ብዙ አባቶች መለካት ነበረብኝ። አውቄዋለሁ። ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ የነሱመያንም አባት፣ የነዮሴፍንም አባት ልኪ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልለካሽም?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እነሱ መተንፈስ ቢያቆሙም ባያቆሙም ግድ አልነበረኝም።»

ሚስ ሮዝ አማርኛ አትሰማም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጄን ታያለች። «ምን አለች?» አለችኝ።

«ንገሪያት» አልኳት ሃያትን። «አሁን ያልሽኝን ልክ እንዳልሽው ንገሪያትና ከፍተኛውን ትሰጥሻለች።»

አልነገረቻትም። ጆሮዋ እስኪቀላ አፍራ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ልተረጉምላት እኔ ሞከርኩ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ይሄኛው መዘጋት ደግሞ ማሽን የለውም። ውጤቱም እንዳለ ቀረ። እኔም ተናድጃለሁ፤ አሁንም፣ ይሄን ስነግራችሁ፣ ተናድጃለሁ።